በመምህሬ ግቢ የተበላሸው ድምፅ

በተሸነፍን ማግስት ከቤት ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ተለጣፊያችንን ከባጃጁ መስታወት ላይ በምላጭ የሚፍቅ ሹፌር ነበር። ወር ሙሉ ድምፅ ማጉያችንን ጣሪያው ላይ አስሮ ከሰፈራችን ከሹም አቦ እስከ ሰባታሚት ሲዞርልን የከረመ ሰው ነው። "ምነው?" ስለው "እይታ ከለከለኝ" አለኝ። ወር ሙሉ አልከለከለውም ነበር። አለፍሁት፤ በልቤ የሰደብሁትን ስድብ ግን እዚህ ብጽፈው እናቴ ይህን ጽሑፍ አትጨርስልኝም።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ዓመት ከመንፈቅ እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ የለም፤ እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ እኔ የሥራ ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ግድግዳ ፊት ቆመው ስልክ ቁጥር ከሚገለብጡት አንዷ ነበርሁ። ፓርቲው መጣና ቲሸርት ሰጠኝ፣ አንገቴ ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ሰጠኝ፣ ጠዋት የምነሳበት ምክንያት ሰጠኝ። ስለ ፖለቲካ ፕሮግራሙ ብትጠይቁኝ ግማሹን አላነበብሁትም። እጩአችን ጠበቃ ነው፤ ሲናገር ያምራል፤ በዚያ ላይ ስሜን ያውቅ ነበር። ለእኔ ይኸ በቂ ነበር።

የተሸነፈ ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ እኔም ስፈልግ ሰነበትሁ። ባጃጅ ነጂውን ጠላሁ። "የእናንተ ነኝ" ብለው በማርያም የማሉልኝን ጎረቤቶች ጠላሁ። የሰኔን ዝናብ ሳይቀር ጠላሁ። የምጽፈው ግን ስለ እነሱ አይደለም። የምጽፈው በዚያ ሰሞን በመምህሬ ላይ ስላደረግሁት ነገር ነው፤ ያን ሥራዬን የማልጠላበት ቀን ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ ግን አልመጣም።

መምህሬ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እኔን ብቻ አይደለም። ቀን ቀን ልጆችን፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ ወላጆቻቸውን፣ ያ "ሁሉም ሰው ፊደል ይቁጠር" የተባለበት ዘመን ላይ የሰፈሩን ግማሽ ማንበብ ያስቻሉ እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅ የላቸውም። የቀራቸው ስማቸው ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ እሳቸው ይጠራሉ። ሴት ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ ከፊት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ከፍርድ ቤት ደብዳቤ የደረሰው ሰው ለጠበቃ ከማሳየቱ በፊት ለእሳቸው ያሳያል። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊም እሳቸው ነበሩ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን መቃብር እንደሚቆፍር ከመዝገቡ እያነበቡ ሲመድቡ ኖረዋል። ስማቸውን ከወሰዱባቸው የሚተርፋቸው አንድ ግቢ፣ አንድ የማንጎ ዛፍና አንድ አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ ነው።

የማንም ፓርቲ አባል አልነበሩም። ምርጫው ሲቃረብ ግን የሰፈሩ አሮጊትና ሽማግሌ ድምፁን እንዴት እንደሚሰጥ ሳያውቅ ሊሄድ ነው ብለው ተጨነቁ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር ወንበር ደርድረው ማስተማር ጀመሩ። እንዳግዛቸው ጠሩኝ።

"ነይ፤ ግን ያን ቲሸርት አውልቀሽ ነይ" አሉኝ። "እዚህ ግቢ የማንም ስብከት የለም።"

አውልቄ ሄድሁ። ቲሸርቱን ባወልቅም ልቤን አላወለቅሁም። የእኛ ምልክት ታንኳ ነበር። ሌሎቹ መሰላል፣ ዶሮና ድስት ነበሩ። መምህሬ አራቱንም በነጭ ጠመኔ አስተካክለው ይሥሉና ከየጎናቸው ባዶ ሣጥን ያደርጋሉ፤ ወረቀቱ ሲታጠፍ፣ ኮሮጆው ውስጥ ሲከተት፣ ጣት በቀለም ሲነከር ሁሉን በተራ ያሳያሉ። የሚያስተምሩት ሦስት እሑድ ነበር። እኔ ወንበር አነሳለሁ፣ ውኃ አድላለሁ፣ እግረ መንገዴንም የማን ፊት ታንኳዋን ሲያይ እንደሚፈካ እመለከታለሁ። የአብዛኛው ይፈካ ነበር። ማታ ማታ ለእጩአችን "ያ ግቢ የእኛ ነው" እያልሁ ሪፖርት አቀርባለሁ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው እሑድ ላይ፣ ትምህርቱ መሃል፣ አንድ ሰው በሩን ገፍቶ ገባና መርዶ ተናገረ። ከዕድሩ አባላት አንዱ ሞቷል። የዕድር ጸሐፊ ደግሞ "ቆዩኝ" ማለት አይችልም። መምህሬ ጠመኔውን እጄ ላይ አስቀመጡ።

"ልጄ፣ የቀረው የምልክት አደራረጉ ብቻ ነው። ኤክስ ወይም የጣት አሻራ፣ በሚመርጡት ሥዕል ጎን ካለው ሣጥን ውስጥ። ሌላው ላይ ምንም አይነካም። ሦስት ጊዜ አስደግሚያቸው።"

"እሺ ጋሼ" አልሁ። ኮታቸውን ደርበው ወጡ።

ሙቀት ነበር። ከሰዎቹ ግማሾቹ እያንቀላፉ ነው። ያሉኝን ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሼ፣ ሦስት ጊዜ አስደግሜ፣ ወደ ቤታቸው ልሰዳቸው እችል ነበር። እኔ ግን ያን ወር መድረክ ላይ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ሲያዛጋብኝ አልወድም። ከጠመኔው ሣጥን ቀይ ጠመኔ አነሳሁ።

"ይኸ መሰላል ምን ሰጣችሁ?" አልኋቸው። "ጣራችሁ ሲያፈስ ወጥቶ ከደነላችሁ?"

"ኧረ ወዲያ!" አሉ።

መሰላሉ ላይ በቀይ ትልቅ ኤክስ አደረግሁበት። ሳቁ። እንቅልፋሞቹ ነቁ።

"ዶሮዋስ?"

"እሷማ ለፋሲካ ነው የምትሆነን!" አሉ አንዲት አሮጊት፤ እኒህ ሴትዮ የሰፈሩ ቀልደኛ ናቸው፣ ማንበብ የተማሩት ከመምህሬ ዘንድ ነው። ዶሮዋንም ሰረዝኋት። ድስቱን "ባዶ ነው! ባዶ ነው!" እያሉ አሰረዙኝ። በመጨረሻ ጠመኔውን ታንኳችን ላይ አስጠግቼ ቆምሁ።

"ይችንስ?"

"አትንኪያት!" ብለው ግቢው ሁሉ ጮኸ።

አልነካኋትም። ሦስቱ ሥዕሎች በቀይ ተሰርዘው ታንኳዋ ንጹሕ ሆና ሰሌዳው መሃል ቀረች። አጨበጨቡልኝ። በዚያ ጭብጨባ ውስጥ ሆኜ፣ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገርሁ። "በሉ፣ በዕለቱም እንዲሁ ታደርጋላችሁ!" አልኋቸው። ከዚያ ሰሌዳውን አጥፍቼ ስልኬን አወጣሁ።

መምህሬ መቃብር አስቆፍረው ሲመለሱ ጫማቸው አፈር ለብሶ ነበር። ሰዎቹ ሄደዋል። ወንበር እየሰበሰቡ ጠየቁኝ።

"በሚመርጡት ላይ ብቻ መሆኑን ነገርሻቸው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ሦስት ጊዜ አስደገምሻቸው?"

"አዎ" አልሁ፣ ዓይኔን ከስልኬ ሳላነሳ። ያጨበጨቡልኝን ለጓደኞቼ እየጻፍሁ ነበር።

የምርጫው ቀን የፓርቲያችን ወኪል ሆኜ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ተቀመጥሁ። ጣቢያው ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የልጆች ዴስክ ወደ ጥግ ተገፍቷል። ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። የማንጎው ሥር ሰዎች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጭቃ እየረገጡ፣ አንድ በአንድ መጡ። ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ይቆያሉ። ሲወጡ በዓይናቸው ይጠቅሱኛል። ቀልደኛዋ አሮጊት በቀለም የተነከረ ጣታቸውን ወደኔ ቀስረው ፈገግ አሉ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ድምፅ መስጠቱ አልቆ ኮሮጆው ተከፈተ። የጣቢያው ኃላፊ እርጋታ ያላት ሴት ነበረች፤ እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርጋ ለሁላችንም ታሳይና ታነባለች። መሰላል። መሰላል። ታንኳ። ድስት። መሰላል። ከዚያ አንዱን ወረቀት ዘርግታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። መሰላሉ ላይ ኤክስ፣ ዶሮዋ ላይ ኤክስ፣ ድስቱ ላይ ኤክስ፤ ታንኳዋ ንጹሕ።

"የተበላሸ" አለች፤ ወደ ጎን አስቀመጠችው።

ቀጥሎም ሌላ መጣ። ከዚያም ሌላ። መጀመሪያ ያልገባኝ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ ገብቶኝ ነበር። አራተኛው ላይ ብድግ አልሁ።

"እነዚህ እኛን ነው የመረጡት! ያልተነካችው የእኛ ናት እኮ! አይታይሽም?"

"ይታየኛል እህቴ" አለች። "ደንቡ ግን ምልክት የተደረገበትን ነው የሚቆጥረው።"

የመሰላሉ ወኪል የእኔ ዕድሜ የሆነ ልጅ ነው። አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ የተበላሸ ወረቀት ሲነሳ ማን እንደሰጠው የማውቅ እየመሰለኝ ተቀመጥሁ። እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ሽማግሌ ኤክሳቸው እንደ ትል ተጠማዟል። አንዱ ሦስቱን በኤክስ ዘግቶ ታንኳዋን ለብቻዋ በክብ ከብቧታል፣ እንዳይነኩበት። ሲያልቅ የተበላሸው ክምር ከታንኳ ክምር በለጠ። ቅጹ ላይ ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምሁ።

ሁሉም ቢቆጠርልን ኖሮ እናሸንፍ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አናሸንፍም። በሌሎቹ ጣቢያዎች የደረሰብን ሽንፈት እንዲህ ባለ ክምር የሚሞላ አልነበረም። የተሸነፈ ፓርቲ ግን ሒሳብ አይወድም።

በሦስተኛው ቀን ግምገማ ተጠራን። ግምገማ የምታውቁት ነው፤ ጥፋተኛ ሳይገኝ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። ከሱቅ በላይ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ሃያ የምንሆን ወጣቶች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረናል። እጩአችን ክራቫት አላሰረም፤ ዓይኑ ቀልቷል። ስለ ሌሎቹ ጣቢያዎች ብዙ አልተወራም። የሁሉ ሰው አፍ የእኛ ጣቢያ ላይ ቆመ፣ ምክንያቱም እዚያ የደረሰው ነገር ለማውራት ይጥማል።

"እንዲህ ያለ ስህተት ዝም ብሎ አይመጣም" አለ እጩው። "ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት የሚሳሳት ካስተማሩት ነው። ማን ነው ያስተማራቸው?"

"በመምህሩ ግቢ ነው የተማሩት" አለ አንዱ።

"የሳቸው የወንድማቸው ልጅ እኮ ከመሰላሎቹ ጋር ነው የሚሠራው" አለ ሌላው።

ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላወስ ተሰማኝ። ሰው ሁሉ ሲፈልገው የነበረ ነገር ድንገት እጁ ላይ ሲወድቅለት የሚያሳየውን እፎይታ አያችሁ? እሱ ነው። እጩው ወደኔ ዞረ፤ በስሜ ጠራኝ።

"አንቺ እዚያ ነበርሽ። ምን አየሽ?"

ሃያ ጥንድ ዓይን ያየኛል። "እኔ ነኝ" ማለት ይቻላል፤ ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን ያን ወር ያገኘሁትን ሁሉ፣ ባጁን፣ ስሜን የሚያውቀውን ሰው፣ "የእኛ ጀግና" የሚሉኝን ልጆች አየሁና እንዲህ አልሁ፦

"ሰሌዳው የእሳቸው ነው። ሥዕሎቹን የሚሥሉትም እሳቸው ናቸው።"

አንዲት ቃል ውሸት የለበትም። እንዲህ ያለውን እውነት ከየት እንደተማርሁት አላውቅም፤ ከመምህሬ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

"አበቃ" አለ እጩው፣ ጉልበቱን እየመታ። "በሰርጎ ገብ ተበላን።"

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሹም አቦ ገባ። እናቴ ከፈረቃ ስትመለስ ሰምታዋለች። "መምህሩ ለመሰላሎቹ ሠርቷል ይላሉ፤ እውነት ነው?" አለችኝ። "እኔ ምን አውቄ" አልሁ። ሰው "አንቱ" ሲላቸው የኖረውን መምህር በአንድ ቀን "አንተ" አደረጋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ከእኛ በላይ ካለው ቤት ሽማግሌ ሲላክ እሳቸው አልተጠሩም። እሳቸው ግን አዲስ ካልሲ አጥልቀው፣ ኮታቸውን ደርበው፣ በራቸው ላይ ቆመው ሲጠብቁ ሽማግሌዎቹ በሌላው መንገድ ሲያልፉ አይቻለሁ። በመስኮት ነው ያየሁት። መጋረጃውን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ራሴን ደብቄ ሰነበትሁ። ሱቅ ስሄድ በጓሮ በኩል እዞራለሁ። አንድ ጠዋት ግን ጣና ዳር፣ እሳቸው በየቀኑ በእግራቸው ሄደው ከሚያርፉበት ዋርካ ሥር፣ ፊት ለፊት ገጠምን። የሥራ ማመልከቻ ላሳትም እየሄድሁ ነበር። ውኃው ከዝናቡ የተነሳ ደፍርሶ የጭቃ መልክ ይዟል። ከስተዋል። ተነስተው ሰላም አሉኝ፤ ለእኔ ተነሱ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ስፈልግሽ ነበር" አሉ። "ያን እሑድ በሚመርጡት ላይ ብቻ መሆኑን ነግረሻቸው ነበር አይደል?"

ክስ አልነበረበትም። የጠፋበትን መነጽር የሚፈልግ ሰው አጠያየቅ ነው። እዚያ ማንም አልነበረም፤ እጩው የለ፣ ጓደኞቼ የሉ። እዚያ መናገር ምንም አያስከፍለኝም ነበር።

"አዎ ጋሼ" አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"እንግዲያውስ ከእኔው ነው። አሰብሁት። አርባ ዓመት ደብተራቸው ላይ በቀይ ኤክስ እያደረግሁ ስህተት ነው ስል ኖርሁ። ያን ሁሉ ዘመን ኤክስ ማለት ስህተት ነው ብዬ አሳምኛቸው፣ በስተርጅና ተነስቼ ኤክስ ማለት የወደዳችሁት ነው ብላቸው ማን ይሰማኛል? ይኸን ማስተዋል ነበረብኝ። የእኔ ጥፋት ነው።"

እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? አጽናናኋቸው። "እንዲህ አይበሉ ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ" አልኋቸው። ትከሻቸውን ዳሰስሁ። እንባ አቀረሩና መረቁኝ። ማመልከቻዬን በብብቴ ይዤ ሄድሁ፤ በመንገድ ላይ ግን ልመለስ ብዬ ሁለት ጊዜ ቆምሁ።

በነሐሴ አጋማሽ የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። እናቴ ፈረቃ ነበረባት፤ በእሷ ቦታ እኔ ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው፣ የዕድሩ ዕቃ ቤት ግቢ ውስጥ፣ በራሱ በዕድሩ ድንኳን ሥር። የዕድሩ ዳኛ ጎማ የሚሸጡ ወፍራም ሰው ናቸው፤ ነገር ማለባበስ አያውቁም። ተነሱና ስለ ጸሐፊው ወሬ እንደበዛ፣ የሰውን ድምፅ አበላሽቷል የተባለ ሰው የሰውን ሬሳ እንዲያስነሳ አንዳንድ አባላት እንዳልወደዱ ተናገሩ። መምህሬ ከጥግ ብድግ አሉ። መዝገቡን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"ለማንም አልሠራሁም" አሉ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደምናውቀው ነበር፣ ከፍ ያላለ። "ስህተቱ ግን የእኔ ይመስለኛል። ሆን ብዬ ግን አይደለም። ያስተማርኋችሁ ኤክስ ነው ያሳሳታችሁ።"

አንዱ ጎርበጥ ብሎት ሳል ሳል አደረገ። እኔ ተነሳሁ። ለምን ያን ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ጥሩ ሰው ስለሆንሁ ግን አይደለም፣ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁ" አልሁ። "እሳቸው ለቅሶ ሲሄዱ እኔን ተክተውኝ ነበር። የሌሎቹን ሥዕል እየሰረዝሁ ያሳቅኋችሁ እኔ ነኝ። እንዲሁ አድርጉ ያልኋችሁ እኔ ነኝ። እሳቸው ሲጠይቁኝ ዋሸኋቸው። ሁለት ጊዜ ዋሸኋቸው።"

የሚጠብቀኝን ስድብ ሁሉ አስቀድሜ አስቤዋለሁ። የሆነውን ግን አላሰብሁትም። ቀልደኛዋ አሮጊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ።

"አየ ልጅ! አየ አስተዳደግ! የመምህሯን ጥፋት እሷ ልትሸከምለት!"

"አይደለም እማማ! እውነቴን ነው!" አልሁ። "እርስዎ እኮ ነበሩ፤ 'ለፋሲካ ነው የምትሆነን' አላሉም? በቀይ ስሰርዛት አላዩም?"

አሮጊቷ መሬት መሬት አዩ። ያን እሑድ ማንጎው ሥር የነበሩትን ሁሉ አንድ በአንድ በዓይኔ ለመንኋቸው። አንዱ የነጠላውን ጥለት ያስተካክላል፣ ሌላው ከዘራው ጫፍ ላይ ያፈጣል። "አዎ፣ አንቺ ነሽ ያሳየሽን" ለማለት፣ "የእኔም ወረቀት ከተበላሹት ነው" ማለት ነበረባቸው። ያን የሚል ሰው ከድንኳኑ ሥር አልነበረም።

"የእኔማ በደንቡ ነው የሰጠሁት" አሉ አሮጊቷ። "የእኔም" አለ አንዱ። "የእኔም፣ የእኔም" ተባለ። የተበላሸ ድምፅ የሰጠ አንድ ሰው በሰፈሩ አልተገኘም።

"እኔ ነኝ" ባልሁ ቁጥር እነሱ ያለቅሳሉ። ዳኛው ራሳቸው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "የመምህርን ውለታ መክፈል እንዲህ ነው" አሉ። "እግዜር ያሳድግሽ፣ እግዜር ወግ ማዕረግ ያሳይሽ" የሚል ምርቃት ከአራት ማዕዘን ወረደብኝ። ዞሬ መምህሬን አየሁ። ቆመዋል። ያዩኛል። ከዚያ ሁሉ ሰው ያመኑኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ከፊታቸው ላይ አነበብሁት። ያ እሑድ፣ ያ "አዎ"፣ ጣና ዳር የደገምሁት "አዎ"፣ ትከሻቸውን የዳሰስሁበት እጅ፣ ሁሉም በተራ ሲገባቸው አየሁ።

"እንግዲህ ጸሐፊነቱን ለእሷ ብንሰጣትስ?" አሉ ዳኛው። "የተማረች ናት። ልብ አላት። የምትስማሙ እጅ አውጡ።"

እጅ ወጣ። የሁሉም እጅ ወጣ። ወር ሙሉ በድምፅ ማጉያ ስለምነው የከረምሁት የሰው ድምፅ፣ እዚያ ድንኳን ሥር ሳልጠይቅ ተሰጠኝ። እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር፤ አፈርሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ ማለት ይቻላል። አፍሬአለሁም። ከዚያ በፊት ግን፣ ለአንዲት አፍታ፣ ደስ አለኝ። ፊቴ ላይ ወጥቷል መሰለኝ፣ ምክንያቱም መምህሬ አይተውት ዓይናቸውን ከእኔ አነሱ። ከዚያ እሳቸውም እጃቸውን አወጡ።

በማግስቱ አሠራሩን ሊያሳዩኝ ቤታቸው ጠሩኝ። ሄድሁ። ሦስት ቀን አስተማሩኝ፤ እንደ አንደኛ ክፍሉ ጊዜ በትዕግሥት፣ ገጽ በገጽ። ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን መዝገቡን ይዤ ልወጣ ስል አልቻልሁም፤ በሩ ላይ ጉልበታቸውን ይዤ "ይቅር ይበሉኝ" አልሁ። አነሱኝ።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አሉ። "አሁን ሂጂና ለሰው ሁሉ ይቅር እንዳልሁሽ ንገሪ። ከምሬ ነው። በየቤቱ ግቢና ንገሪ።"

በሩን ዘጉ።

ይኸው ጸሐፊ ከሆንሁ ሁለት ክረምት አለፈ፤ አልነገርሁም። ይቅር ተባልሁ ብል 'ምን በድለሽ?' ይሉኛል፤ የበደሌን ብናገርም እንደገና ይመርቁኛል፣ ምን ይሠራል እያልሁ ለራሴ አወራለሁ። እሱ ሰበብ ነው። እኔ የምፈራው እንዳያምኑኝ አይደለም። የምፈራው ምናልባት በዚህኛው ጊዜ አንድ ሰው ቢያምነኝ ነው።